ቆዳውና ካፖርቱ

ሐምሌ 2

ከንጋት ጀምሮ ዝናብ። በበረቱ ውስጥ የነበርነው ባለቤቱ፣ የከብት ሐኪሙ፣ ሬዲዮና እኔ ነን። ዳለቻም ነበረች፤ እሷን ግን ማንም ከነበሩት አይቆጥራትም።

ሬዲዮ አብራኝ የምታልብ ሴት ናት። አፏ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ ያልናት፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። እኔን "ዝምታ" ትለኛለች። ዳለቻ ደግሞ ግራጫዋ ላም ናት፤ ከሁሉም የበለጠ ወተት የምትሰጠው እሷ ነች።

የዳለቻ እምቦሳ ሞቶ አገኘነው። ተቅማጥ ነው አለ ሐኪሙ። እግሩ እንኳ ገና አልጠናም ነበር። ባለቤቱ በቦት ጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገውና "ቆዳው ሳይበላሽ ግፈፉት" አለ።

ዳለቻ ጥጃ ካላየች ወተቷን አትለቅም። ጡቷ ተወጥሮ ድንጋይ ይሆናል እንጂ ለሰው እጅ እሺ አትልም። ስለዚህ ቆዳው ተገፎ፣ ጨው ታሽቶበት፣ ገለባ ተሞልቶበት፣ ሆዱ በጆንያ መርፌ ይሰፋና አፍንጫዋ ሥር ይቆማል። ትልሰዋለች። ስትልሰው ወተቷ ይወርዳል። ዘዴው ይኸው ነው።

"አታውቅም እንዴ?" አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ምኑን?" አለ ባለቤቱ።

"ልጇ እንዳልሆነ።"

"ላም ምን ታውቃለች! ሆድና ጡት ናት። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ዝም ብለሽ አንድ ቀን ስትናገሪ ይኼን ታመጫለሽ።"

ሬዲዮ ከት ብላ ሳቀች። ሊሰፋ ሲል ግን አቅለሽልሿት ወደ ውጭ ሮጠች። የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጄ ለመርፌ ቀና ነው። ዓይኖቹ የነበሩባቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር ሰፋኋቸው፤ ገለባው እንዳይወጣ።

ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና፣ በአመድ፣ እንደገና በሳሙና አጠብኩ። አይለቅም። እናቴን ያጎረስኳት በዚሁ እጅ ነው። ሁለት ጉርሻ ወስዳ አፏን ገጠመች። "ልጄ ሲመጣ እበላለሁ" አለች። እንደ ሁልጊዜው።

ሳሙናው የተጠቀለለበት ወረቀት የመጽሐፍ ገጽ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በስኳርና በምስማር መጠቅለያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ ወረቀት አልጥልም፤ ፍራሼ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ይኼኛው እንዲህ ይላል፦ "…አንድ ፍጡር የሚሰማው ነገር ካለ፣ ያ የሚሰማው ነገር ለማንም ባይታይ እንኳ፣ እኛ ልንንቀው የምንችለው…" ከዚያ በኋላ ሳሙናው አርጥቦ በልቶታል። የምንችለው ምን ሲሆን ነው?

ሐምሌ 4

ዝናብ። ቸኩያለሁ።

ሠራ። ዳለቻ ቆዳውን አሸተተች፣ አመነታች፣ ከዚያ ምላሷን አወጣች። ከጭራው ጀምራ እስከ አንገቱ። ወተቱ እንደ ቧንቧ ወረደ። ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እጅሽ ይባረክ!"

ጨው ስለሆነ ነው የምትልሰው አልኩ ለራሴ። ጨው ስለሆነ ነው።

ወተት መጠጣት አቃተኝ። ሽታው።

ሐምሌ 9

ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ። እቤት የነበሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ እናቴና እኔ።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ በየወሩ አንድ እሑድ ይመጣል። ተቀምጦ ጣራውን ነው የሚያየው፤ እናቴን ሳይሆን። ቤቱን ሊያፈርሰው ነው፤ በቦታው ፎቅ ይሠራል። የሚያስቸግረው እናቴ ናት። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋው ላይ ነች፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሊያነሷት ሲሉ የአልጋውን ብረት ይዛ ትጮኻለች። "ልጄ ሳይመጣ ከዚህ አልነሣም!"

ልጄ የምትለው የመጨረሻውን ነው፤ ታናሻችንን። እሱ ባለፈው በጋ ከሚነዳው ጭነት መኪና ጋር ገደል ገባ። ለእሷ አልነገርናትም። ጋሼ "መርዶው ይገድላታል" አለ፤ እኛም ዝም አልን። ካፖርቱ ብቻ ተመለሰ። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ እስከ ዛሬም አላጠብኩትም። ትምባሆና የሞተር ዘይት ይሸታል።

"ክስት ብላለች" አለች የወንድሜ ሚስት እናቴን እያየች። ከዚያ ሽቶዋን ያርከፈከፈችበትን መሀረብ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። "ትበላለች?"

"አትበላም። እሱ ካልመጣ አልበላም ትላለች።"

"ምን እናድርግ ታዲያ፣ ከመቃብር አናስነሣው!" አለ ጋሼ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወሬው ሞተ። ዝምታው ከብዶኝ፣ የምናገረው አጥቼ፣ የዳለቻን ነገር አወራሁላቸው። ቆዳውን፣ ገለባውን፣ እንዴት እንደምትልስ። ለምን እንዳወራሁ እግዜር ይወቅ። ሰው ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ ይሆናል፤ ብዙ አይሰሙኝም።

የወንድሜ ሚስት መሀረቧን ከአፍንጫዋ አወረደች። ካፖርቱን አየች። ከዚያ ባሏን አየችው።

"ያ ቤታችንን የሚቀባው ልጅ" አለች። "ድምፁ እኮ ቁርጥ እሱን ነው። አንተም ብለኸኛል።"

"እሺ?"

"እሺማ! ካፖርቱን አልብሰን…"

"አይሆንም" አልኩ።

"ለምን? ለላም የሠራ!" ብላ ሳቀች። ጋሼም ሳቀ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ "ማነው የሚስቀው?" አለች። "ማንም እማዬ፣ ማንም" አልናት ሦስታችንም በአንድ አፍ።

ሐምሌ 10

ዝናብ።

አፌን ቆርጬ ብጥለው። ይኼን ያህል ዘመን ዝም ብዬ ኖሬ፣ አንድ ቀን ብናገር ይኼው።

ሐምሌ 13

ካፊያ። የነበሩት ጋሼ፣ ቀለም ቀቢው፣ እናቴ፣ እኔ።

ቀለም ቀቢው ወጣት ነው ለማለት የዘገየ፣ ሽማግሌ ለማለት የቀደመ ሰው ነው። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። ጋሼ ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ ለሱ ሲያለብሰው ዓይኔን ጨፈንኩ። ትከሻው ልክ ሆነለት። ያ ነው ያስጠላኝ፤ ልክ መሆኑ።

"ጎንበስ በል" አለው ጋሼ በሹክሹክታ። "ድምፅህን አታብዛ።"

እናቴ አጠገብ ተንበረከከ። "እማዬ፣ መጣሁ" አለ። ያ ሻካራ ድምፅ! እናቴ እጇን አነሣች፣ በአየር ላይ ፈለገችና የካፖርቱን እጅጌ አገኘች። ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አሸተተች። ክንዱን፣ ኮሌታውን፣ የደረት ኪሱን። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ፊቱን አልነካችም።

"ልጄ" አለች። ለካፖርቱ።

ከዚያ አፏን ከፈተች። እኔም ጉርሻ አቀረብኩ። በላች። እንደገና በላች። ሳህኑ እስኪነጣ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ "አየሽ?" አለኝ። ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ ያደረገኝ ትዝ አለኝ።

ስንት ጊዜ ይሆን ለምኛት፣ አባብዬ፣ አልቅሼ ያልበላችልኝ? ለጨርቅ በላች። ይኼን መጻፍ አልነበረብኝም። ጽፌዋለሁ፤ ይቅር።

ሐምሌ 15

በጣም ዝናብ። ቆዳው ተልቷል። እርጥበቱ ነው። ስፌቱን ፈትቼ፣ ገለባውን ደፍቼ፣ ትሉን በእንጨት ጠርጌ፣ እንደገና ጨው አሸሁበት። ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ ታወራለች።

"አንቺ እኮ ሆድሽ ከብረት ነው። እኔማ ብሞት አልነካውም። አንቺ ከቀረሽ ይቺ ላም የማንም አይደለችም!"

ዳለቻ ትሉንም፣ ሽታውንም፣ አዲሱን ስፌትም ችላ ላሰችው። ጸጉሩ መመለጥ ጀምሯል።

ሐምሌ 20

ብራ ሆነ ለጥቂት ሰዓት። ቀለም ቀቢው አሁን ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ጋሼ ሥራ አለኝ ብሎ ቀርቷል። ሰኞና ሐሙስ ከሥራው በኋላ ይመጣል። እናቴ የምትበላው በነዚያ ቀኖች ነው፤ በሌሎቹ ትንሽ ትንሽ።

ዛሬ ቤቱን ጠርጌ ነበር። ጸጉሬንም አበጥሬ ነበር፤ አቧራ ስለነበረው ነው።

ቁጭ ብሎ ስለ ሥራው ያወራላታል። ግድግዳ ሲቀባ ከመሰላል እንዴት እንደወደቀ፣ ቀለሙ የቤቱ ባለቤት ድመት ላይ እንዴት እንደተደፋ። "ድመቷ እኮ እማዬ፣ ግማሿ ነጭ ግማሿ ጥቁር ሆና ጌታዋ አላውቃትም ብሎ አባረራት!" ሳቅሁ። ጮክ ብዬ። ወንድሜ ሹፌር እንጂ ቀለም ቀቢ እንዳልነበረ ሁለታችንም ረስተናል። እናቴም አልጠየቀች። ጭንቅላቷን ወደ እኔ አዘንብላ ታዳምጥ ነበር።

ሊሄድ ሲነሣ ተሳሳተና "እማማ፣ ደኅና ይዋሉ" አላት፤ እንደ ባዳ። እጅጌውን ይዞ የነበረው እጇ ቆመ። ከዚያ እንደገና ማሻሸት ጀመረች። "ደኅና ዋል" አለችው።

አላስተዋለችም። ምን ታስተውላለች።

የተጠቀመበትን ብርጭቆ አጥቦ ነው የሄደው። ወንድሜ በሕይወቱ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። ብርጭቆውን እንደገና አጠብኩት። አስጠላኝ። እንደገና አጠብኩት።

ሐምሌ 23

ዳመና። ሐኪሙ ሌላ ላም ሊያይ መጥቶ ነበር። ባልዲውን ሲያጥብ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

"ዶክተር፣ ዳለቻ ይሰማታል?"

"መርፌ ስወጋትማ ይሰማታል። ረግጣኝ ነበር እኮ፣ አላየሽም?" ጭኑን አሳየኝና ሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ ተወው። "ስለ ጥጃው ነው የምትጠይቂኝ?"

"አዎ።"

ረጅም ጊዜ እጁን ሲያደርቅ ቆየ። "እውነቱን ልንገርሽ? ሕመሟን ከሞላ ጎደል አውቃለሁ። ትኩሳቷን እለካለሁ፣ ልቧን አዳምጣለሁ። ኀዘኗን የምሰማበት መሣሪያ ግን የለኝም። የለኝም ማለት ደግሞ የለም ማለት አይደለም። ልጅ ሆኜ ስማር ይኼ ያስጨንቀኝ ነበር። ከዚያ ሥራ በዛ።"

ጥሩ ሰው ነው። መልሱ ግን አላስተኛኝም። ጋሼ እናቴ ፊት ስለ እሷ ሲያወራ መሣሪያ የለኝም አይልም። የለም ነው የሚለው።

"እኛ ልንንቀው የምንችለው…" ቀሪውን እየገጣጠምኩ ነው። እኛ ልንንቀው የምንችለው ራሳችንን ከናቅን ብቻ ነው? አይመስለኝም፤ ይኼ የመጽሐፍ ሰው አነጋገር አይደለም። እኛ ልንንቀው የምንችለው ስላልታየን ብቻ ነው? ይኼ ይሻላል። ግን ሰውን ነጻ ያወጣል። ካላየሁ አልበደልኩም ማለት ይሆናል። እኔ ደግሞ አይቻለሁ። አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል።

ሐምሌ 27

ዝናብ፣ በረዶም የቀላቀለ። ጋሼና ሚስቱ መጡ።

መጦሪያ አግኝተውላታል። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ንጹሕ፣ ሐኪም ያለበት። "አንቺም ታርፊያለሽ" አለኝ ጋሼ። እኔን በግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጡኛል።

"አልሄድም ትላለች" አልኩ።

"ለእኛ አትሄድም። ለእሱ ትሄዳለች።" ካፖርቱን በአገጩ አሳየኝ። "ቀለም ቀቢውን አናግሬዋለሁ። እማዬ፣ አዲሱ ቤቴ ልውሰድሽ ይላታል። ክንዱን ይዛ ትወጣለች። ሳትጮኽ፣ ሳትሰቃይ። ይኼ አይሻልም? ደስ እያላት ነው እኮ የምትሄደው!"

"እዚያ ከደረሰችስ በኋላ? እሱ አብሯት ያድራል?"

የወንድሜ ሚስት ከንፈሯን መጠጠች። "እህቴ፣ ራሳችንን አናታልል። እሷ እኮ የለችም። አካሏ ነው የቀረው። እኔንስ የምታሳዝኚኝ አንቺ ነሽ፣ ዕድሜሽን ለባዶ ቤት…" ይኼን ያለችው ድምፅዋን ሳትቀንስ ነው፤ ከአልጋው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። በደኅናው እጇ አንሶላውን ጨብጣለች።

ተኝታ ነበር መሰለኝ። ተኝታ ነበር።

እሺም እንቢም አላልኩም። ለዝምታዬ አመሰገኑኝ። በየመንገዱ የሚደፋው ቆሻሻ ሁሉ አፌ ውስጥ የተደፋ መሰለኝ።

ነሐሴ 1

ጭቃ። ቀለም ቀቢው ካፖርቱን ሲያወልቅ በር ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ፣ ይኼን ነገር ልተወው እያልኩ ነበር።"

"ተወው ታዲያ።"

"ብተወው አይበሉም። ደግሞም…" ኮፍያውን አገላበጠ። "እናቴ የሞተችው ልጅ ሆኜ ነው። እማዬ የምለው ሰው አልነበረኝም። ስናገረው አፌን ይጣፍጠኛል። ነውር ነው አይደል?"

ነውር ነው አላልኩትም። ሳትበላ አትሂድ አልኩት። በላ። ሦስታችንም በላን። ክፍሉ ሞቀ። እናቴ በጨለመው ዓይኗ ወደኔ አቅጣጫ እያየች ፈገግ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየሁት ከ… እንጃ።

ከሄደ በኋላ ካፖርቱን አሸተትኩ። ትምባሆው እየጠፋ ነው። የቀለም ማቅጠኛ እየሸተተ ነው። ወንድሜን እያጠፋው ነው። ጠላሁት። ሐሙስ መቼ ነው ብዬ ማሰቤን ደግሞ የበለጠ ጠላሁት።

ነሐሴ 4

ዝናቡ ቀለል አለ። እናቴን ገላዋን ሳጥብ ነው። ሳሙናው ዓይኗ እንዳይገባ ግንባሯን ይዤያለሁ። ገላዋ ያስጠላኛል፤ የወጣሁበት ሆድ ያስጠላኛል፤ እንዲህ የምጽፈው ማንም ስለማያየው ነው።

"ያ ሰውዬ ሲመጣ" አለች።

"ማን ሰውዬ?"

"ያ ሰውዬ። ካፖርቱን እኔ ጋ ይተውልኝ በይው። ይበርደኛል።"

"ልጅሽን ነው እማዬ ያ ሰውዬ የምትዪው?"

ግንባሯን መዳፌ ላይ አስደገፈች። ከዚያ "እጅሽ ሞቅ ይላል" አለች።

ቃል ጠፍቷት ነው። ሐኪሞቹም ብለዋል፤ እንዲህ ካለ በሽታ በኋላ ቃል ይምታታል። ሰውዬ፣ ልጅ፣ ምንም ልዩነት የለውም።

ነሐሴ 6

ፀሐይ። ዝንብ።

ዛሬ ዳለቻን አየኋት። ሁልጊዜ ከጡቷ ሥር ስለምቀመጥ ፊቷን አላየውም። ዛሬ ሬዲዮ ስታልብ እኔ ቆዳውን ይዤ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ቆዳው አሁን ራሰ በራ ነው፤ ስፌቱ ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ እግሩ ወድቋል።

ምላሷ ቆዳው ላይ ነው። ዓይኗ ግን ቆዳው ላይ አይደለም። ከጭንቅላቴ በላይ፣ እምቦሳው ወድቆ ወደ ነበረበት ጥግ ነው የምታየው። እየላሰች ወደዚያ ታያለች። ወተቱም ይወርዳል።

"ሬዲዮ፣ ታውቃለች" አልኩ።

"ምኑን?"

"ታውቃለች። አውቃ ነው የምትሰጠን።"

"ውይ ዝምታ፣ ዛሬ ደግሞ ፈላስፋ ሆንሽብኝ! ታውቅም አታውቅም ባልዲው እየሞላ ነው።" ከዚያ ለአፍታ ዝም አለች፤ እሷ! "አታውሪ በዪኝና፣ ወተቷ ከነጠፈ ቢላ ነው የሚጠብቃት። ባለቤቱ ትናንት ሥጋ ነጋዴውን እያነጋገረ ነበር። ስለዚህ ቆዳሽን ደህና አድርገሽ ያዢ።"

ያዝኩ።

አውቃ ከሆነስ? እያወቀች፣ እያማት፣ እየላሰች ከሆነስ? እኛ አንድ ነገር በውስጧ የለም ብለን ነው የምናታልላት። በውስጧ ካለ ግን እያታለልን አይደለም፤ እያስለቀስን ነው ወተቷን የምናልበው። የትኛው ይብሳል? የወረቀቱ ቀሪ ቢኖረኝ! የት አባቱ ሄደ ያ ሳሙና!

ነሐሴ 9

ብራ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ጋሼ መኪና ያመጣል፣ ሚስቱ ከፊት ትቀመጣለች፣ ቀለም ቀቢው ካፖርቱን ለብሶ እናቴን ደግፎ ያወጣታል። የሚለው ሁሉ ተነግሮታል። እኔ ልብሷን በአንድ ሻንጣ አጥፌያለሁ። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ዓይኖቹን የሰፋሁትም እኔ ነኝ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለች እናቴ።

"ልብስ እያጠፍኩ።"

"የማንን?"

"የ… የታጠበውን።"

"እህ" አለች። ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ "ነገ ሰኞ አይደለም፤ ሐሙስም አይደለም" አለች።

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ጸጉርሽን ታጠብሽ?"

እጄን ዛሬ በሎሚም አጠብኩ። ከቆዳው የመጣ ሽታ ነው ስል ከርሜያለሁ። ከበረቱ ከወጣሁ ይኼው ስንት ሰዓት፤ አሁንም ይሸታል። ከቆዳው አይደለም።

ነሐሴ 10

ፀሐይ፣ ብርድ ያለው ንጹሕ ጠዋት። ማለዳ የነበርነው እናቴና እኔ። ያደረግሁትን እንዳደረግሁት እጽፋለሁ።

ተነሣሁ። እሳት አያያዝኩ። ውሃ አሞቅሁና የእናቴን ፊት አጠብኩ። ቀና አድርጌ ትራስ ደገፍኳት። ካፖርቱን ከምስማሩ አወረድኩ። የማይታዘዘውን እጇን መጀመሪያ፣ ደኅናውን ቀጥሎ አለበስኳት። ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፍኩ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማዬ" አልኩ። "ወንድሜ ሞቷል። ባለፈው በጋ። ያ የሚመጣው ሰው ቀለም ቀቢ ነው።"

ኮሌታውን አሸተተች። "አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካፖርቱን ይዛችሁ የገባችሁ ቀን። ልጄ ካፖርቱን ጥሎ የትም አይሄድም።"

"ልጄ ካልመጣ ስትዪ የነበረውስ?"

"እስክትነግሩኝ ነዋ። አንዳችሁ እስክትነግሩኝ።"

"ለምን በላሽ ታዲያ? ለምን ለዚያ ሰው በላሽ?"

ቃል መፈለግ ያደክማታል። በደኅናው እጇ ጉልበቴን አገኘችው።

"ለሱ አይደለም። እሱ ሲመጣ ድምፅሽ ይለወጣል። ትስቂያለሽ። ሳቅሽን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ካልበላሁ የሚቀር መሰለኝ።"

ወደ ውጭ ወጣሁ። ግድግዳውን ይዤ አስመለሰኝ። አፌን ተጉመጠመጥኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ተመለስኩ። ታለቅስ ነበር፤ ያለ ድምፅ፣ እንባው በአንድ ጉንጯ ብቻ ይወርዳል። አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ሻንጣውን ፈትቼ ልብሷን ወደ ቦታው መለስኩ።

መኪናው መጣ። ጋሼ፣ ሚስቱ፣ ቀለም ቀቢው ገቡ። ቀለም ቀቢው እጁን ወደ ባዶው ምስማር ዘረጋ። ከዚያ እናቴን አየ። በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ቀረ።

"ምንድነው ይኼ?" አለኝ ጋሼ።

መልስ ሳልሰጥ እናቴ ተናገረች። መጀመሪያ ለቀለም ቀቢው፦ "ልጄ፣ ይበርድሃል፤ አውቃለሁ። ካፖርቱን ግን አልሰጥህም። ሐሙስ እንዲያው ና።" ቀጥላ ለጋሼ፦ "አንተ ደግሞ ንገረኝ።"

"ምኑን እማዬ?"

"ወንድምህን። ከአፍህ ልስማው። ሳትነግረኝ ከዚህ አልነሣም።"

ሚስቱ መሀረቧን ፈለገች። ጋሼ ሰዓቱን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እኔን አየኝ። እኔ ወደ እናቴ አሳየሁት። እሷን ሊያያት አልቻለም። "ሌላ ቀን" ብሎ ወጣ። መኪናው ሄደ። ቀለም ቀቢው በእግሩ ሄደ።

ለእናቴ ቁርስ ሰጠኋት። አልበላችም። ሳህኑን ከአጠገቧ አላነሣሁትም፤ አላስገደድኳትምም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወደ በረቱ አልሄድኩም። ዳለቻ ቆዳውን ካላየች ወተቷን አትለቅም። ቆዳውን የሚይዝላት ሌላ ሰው አልነበረም። ከሩቅ ስትጮኽ እስከ ረፋድ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ቆዳውን ማን ይዞላት እንደሆነ፣ ወይስ ምን ሆና ዝም እንዳለች፣ ወጥቼ አልጠየቅሁም።